አሮጌ ሸክላን በቤት ውስጥ ማጽዳት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአገራችን ዘፈኖች በሸክላ በብዛት የታተሙት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አምሐ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሐ ሪከርድስን የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ካሴት መጣና ገበያውን ወሰደው። እንግዲህ ዛሬ ከቁም ሣጥን ሥር ወይም ከቆጥ ላይ የሚወጣው ሸክላ ከአርባ ዓመት በላይ አቧራ፣ ጭስና እርጥበት የጠጣ ነው። አብዛኛው ይድናል። የሚበላሸውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከቆሻሻው ይልቅ በተሳሳተ አጠባብ ነው የሚበላሸው።

ውሃ ከማስነካቴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

ሸክላው ከምን እንደተሠራ። ይህን ሳይለዩ ምንም ነገር አያፍስሱበት።

በደቂቃ 33 ወይም 45 ጊዜ የሚዞሩት በአመዛኙ ቪኒል ናቸው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈው ካልተለየ በቀር ለእነሱ ነው። በ78 የሚዞረው የድሮው ከባድ ሸክላ ግን ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ነው፤ ሼላክን አልኮል ያሟሟዋል። በአልኮል ሲጠርጉት ጨርቁ ቢጠቁር፣ የጠቆረው በቆሻሻ ሳይሆን በራሱ በሸክላው ነው።

ፍጥነቱ መሃል ባለው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ በእጅ ይለያል። ቪኒል ጠርዙን ሲይዙት ትንሽ ይለመጣል፤ ሼላክ ወፍራም ነው፣ አይለመጥም፣ ከወደቀ ይሰበራል፣ ቦዮቹም (መርፌው የሚሄድባቸው መስመሮች) በዓይን በግልጽ የሚታዩ ሰፋፊ ናቸው። አንዳንድ የአሜሪካ ባለ 45 ሸክላዎች ደግሞ ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ተሠርተዋል፦ ቀለል ያሉ፣ ድርቅ ያሉ። እነዚህንም አልኮል ይጎዳቸዋል። አሉሚኒየም ላይ ጥቁር ቀለም የተቀባ የሚመስል፣ ጠርዙ ላይ ብረቱ ብቅ ያለ ሸክላ ካጋጠመዎት በቀጥታ የተቀዳ አንድዬ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ አይጠቡት።

ድምፁ የሚንጣጣው ከቆሻሻ ነው ወይስ ከጭረት?

ሰዓት ይዘው ያዳምጡ። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ በእኩል ልዩነት እየተመለሰ የሚመጣ ከሆነ ጭረት ነው፤ በባለ 33 በየ1.8 ሰከንዱ፣ በባለ 45 በየ1.3 ሰከንዱ አካባቢ ይደጋገማል። ጭረት በመታጠብ አይጠፋም። ሥርዓት የሌለው፣ አንዴ በርትቶ አንዴ የሚላላ መንጣጣት ግን ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ ያ ይወጣል።

ሦስተኛም አለ። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወይም ሳክስፎኑ ሲበረታ ብቻ ድምፁ የሚሻክር ከሆነ፣ በተለይም ወደ መጨረሻው ወደ መሃል ሲጠጋ ከባሰ፣ ቦዩ በደነዘዘ መርፌ ተበልቷል ማለት ነው። የተበላ ቦይ በብርሃን ላይ ሲያዩት ግራጫ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቢያጥቡት ንጹሕ ሆኖ ይሻክራል እንጂ ሌላ ለውጥ አይጠብቁ።

ጎንደር ውስጥ ሸክላ ላይ የሚገኘው ቆሻሻ ምን ዓይነት ነው?

በበጋ አቧራ፣ በክረምት ሻጋታ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የቡናና የዕጣን ጭስ። የብዙ ቤት ማጫወቻ የሚቀመጠው ቡና በሚቆላበት ሳሎን ነው። ከቡናው ጭስ የሚወጣው ቅባት ሸክላው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ አቧራውም እዚያ ላይ ይለጠፋል። ደረቅ ብሩሽ ብቻውን የማይሠራው ለዚህ ነው፤ የላላውን ያነሳል፣ የተለጠፈውን ግን ወደ ቦዩ ውስጥ ይገፋል። ከጠጅ ቤት ወይም ከቡና ቤት የወጣ ሸክላ ከሆነ የሲጋራ ጭስም ይጨመርበታል፤ የመጀመሪያው እጣቢ ቡናማ ሆኖ ቢወጣ አይደንግጡ።

ማጽጃውን እንዴት ላዘጋጅ?

ለ1 ሊትር፦ 750 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 70 በመቶ አልኮል፣ 3 ጠብታ ላርጎ። የአልኮሉ መጠን ወደ 17 በመቶ ተኩል ይመጣል፤ ቅባቱን ለመፍታት ይበቃል፣ ለቪኒልም አያሰጋም። 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ካገኙ 200 ሚሊውን በ800 ሚሊ ውሃ ይበጥብጡ። ልኬቱን በማብሰያ ብርጭቆ ከመገመት ባለ 10 ወይም ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይሻላል፤ ጠብታውንም ያለ መርፌ በዚያው በስሪንጅ ጫፍ ይቆጥሩታል።

ላርጎውን ማብዛት በጣም የተለመደው ጥፋት ነው። የሳሙናው ሥራ ውሃው ቦዩ ላይ ተንከባሎ እንዳይቆም፣ እንዲዘረጋ ማድረግ ብቻ ነው። አረፋ ካወጣ በዝቷል፤ የበዛው ታጥቦ አይወጣም፣ ደርቆ መርፌው ላይ ነጭ ዱቄት ይሆናል።

የእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘር አልኮል ቢኖረውም ግሊሰሪን ወይም ጄል ስላለበት አይሆንም። ቀለም ወይም ሽቶ የተጨመረበት አልኮልም እንዲሁ። የገዙት ምን እንዳለበት ካላወቁ አንድ ጠብታ በንጹሕ መስታወት ላይ ጣል አድርገው ይድረቅ ይተዉት፤ ከደረቀ በኋላ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይዩት። ቀለበት ወይም ጭጋግ ከተወ ሸክላው ላይም ያንኑ ይተዋል።

ድብልቁ ሊቀጣጠል ይችላል። ከከሰል ምድጃና ከሻማ አርቀው፣ መስኮት ከፍተው ይሥሩ። በአንድ ገጽ 15 ሚሊ ያህል ስለሚበቃ አንድ ሊትር ለ30 ሸክላ ያህል ይሆናል።

ዲስቲልድ ውሃ ከየት ላገኝ? የቧንቧ ውሃ አይሆንም?

የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች «የባትሪ ውሃ» ብለው የሚሸጡት ዲስቲልድ ወይም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ማሸጊያው የተከፈተ ከሆነ አይግዙ።

የቧንቧ ውሃ፣ ከአንገረብም ይምጣ ከጉድጓድ፣ ማዕድን ይዟል፤ ውሃው ይተንና ማዕድኑ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ማፍላት ይህን አይለውጠውም፣ እንዲያውም ውሃው ስለሚቀንስ ማዕድኑ ይበረክታል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ደፍራሽ፣ ወይም ሮቶ ሥር የቆየውን ጨርሶ አይጠቀሙ፤ ደለሉ ይጭራል። ለመጀመሪያው ማለቅለቂያ የጠራ የቧንቧ ውሃ ቢጠቀሙ ችግር የለውም፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን የግድ ዲስቲልድ ይሁን።

የክረምት ዝናብስ?

ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደው አይሆንም፤ አቧራ፣ ዝገትና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ዝናቡ በርትቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከዘነበ በኋላ ሜዳ ላይ በተቀመጠ ንጹሕ ሳፋ የተጠራቀመ ውሃ ግን ማዕድኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልለው በመስታወቱ ከፈተኑት ለማለቅለቂያ ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከባትሪ ውሃ ወጪ ይገላግላል። አያቆዩት፤ በቀናት ውስጥ ይሸታል።

አረቄ አልኮል አይደለም? በእሱ ባጸዳስ?

ዳግም አረቄ አልኮሉ ከ40 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ግን ንጹሕ አልኮልና ውሃ ብቻ አይደለም። የመስታወቱን ፈተና ያድርጉበትና ይዩት። ለሰው ያቅርቡት።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ሁለት ንጹሕ ወፍራም ፎጣ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ሁለት መርጫ ጠርሙስ (አንዱ ለማጽጃው፣ አንዱ ለዲስቲልድ ውሃ፤ ላያቸው ላይ ይጻፉ)፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የሳህን መደርደሪያ። ብሩሹን ከመጀመርዎ በፊት በላርጎ አጥበው መዳፍዎ ላይ ይሹት፤ የሚነቀል ጸጉር ካለው ያኔ ይነቀል። ጸጉሩን አስሮ የሚይዘው ብረት ሸክላውን እንዳይነካ በፕላስተር ይጠቅልሉት።

ጥጥ፣ ሶፍትና አሮጌ ነጠላ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ነጠላ የቱንም ያህል ቢለሰልስ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ሲረጥብ ብናኝ እየለቀቀ ቦዩ ውስጥ ይተዋል። ሶፍትም ይበጣጠሳል። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በቂ ነው፤ ግን በጨርቅ ማለስለሻ የታጠበ አይሁን።

መሃል ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ምን ላድርግ?

የዱቄት ወተት ጣሳ የላስቲክ ክዳን ሁለት ይውሰዱ። በትልቁ ሸክላ ላይ ወረቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክዳኑ ወረቀቱን ሸፍኖ ቦዮቹ ላይ የማይወጣ ይሁን። ለባለ 45 አነስ ያለ ክዳን ይፈልጉ። መሃላቸውን በስተው ባለ 6 ቡሎን ያሳልፉ፤ የትልቁ ሸክላ ቀዳዳ ከ7 ሚሊ ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ ቡሎኑ ያልፋል። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ፣ ሸክላውን በሚነካው በኩል፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ይለጥፉ። ሸክላውን መሃል አድርገው ሮንዴላና ዳዶ ያስገቡና በእጅ ብቻ ያጥብቁ። በመፍቻ ማጥበቅ ሸክላውን ይሰነጥቃል።

ይህን መሥራት የማይፈልግ ሰው ሸክላውን ጠፍጣፋ አስተኝቶ፣ ፈሳሹን በጥቂቱ እየረጨ፣ ከወረቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ መሥራት ይችላል። በደንብ ማለቅለቁ ግን ይከብደዋል። ወረቀቱ ከረጠበ አይሹት፤ ጨርቅ ጫን አድርገው ውሃውን አስመጥጠው ይተዉት። የቀለሙ ጥራት በየማተሚያ ቤቱ ስለሚለያይ፣ በተለይ ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም በአንድ ጠብታ ውሃ ሊሮጥ ይችላል።

አጠባው እንዴት ነው?

እጅዎን ይታጠቡ፤ ቅቤና ቅባት ከጣት ወደ ቦዩ ይሄዳል። ሸክላውን በጠርዙና በመሃሉ ብቻ ይያዙ። የመጀመሪያ ሥራዎን በማይሳሱለት ሸክላ ይጀምሩ፤ እንደ አምሐ፣ ካይፋ ወይም ፊሊፕስ ያሉ የድሮ አሳታሚዎች ያወጡትን ቅጂ ለመለማመጃ ማዋል አይገባም።

አንደኛ፣ በደረቁ። ሸክላውን ፎጣው ላይ አስተኝተው ብሩሹን ሳይጫኑ፣ የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው በዙሪያው ያስኪዱ። ከመሃል ወደ ጠርዝ አይጥረጉ፣ ቦዩን ማቋረጥ ይሆናል። የላላው አሸዋ ሳይነሳ ማርጠብ፣ አሸዋውን ይዞ መፈተግ ነው።

ሁለተኛ፣ ማጽጃውን ይርጩና ገጹ ሁሉ እስኪረጥብ ይጠብቁ። ወዲያው አይፈትጉ፤ 1 ደቂቃ ይስጡት፣ ቅባቱ የሚፈታው በጊዜ ነው። ከዚያ በብሩሹ ሙሉ ዙር እየሄዱ ወደ አንድ አቅጣጫ 10፣ ወደ ሌላው 10 ዙር ያድርጉ። የብሩሹ ጸጉር ጫፍ ብቻ ነው ቦዩ ውስጥ የሚገባው፤ ሲጫኑት ጸጉሩ ይተኛና ላይ ላዩን ብቻ ያብሳል። የቦዩ ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። እርጥበቱ ከደረቀ ይጨምሩ፤ በበጋ በፍጥነት ይደርቃል፣ የደረቀ ማጽጃ ደግሞ ያነሳውን ቆሻሻ እዚያው መልሶ ይለጥፈዋል።

ሦስተኛ፣ ማለቅለቅ። ከሥራው ግማሹ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚሁ ላይ ነው። ሸክላውን አቁመው ሳፋው ላይ ይያዙና ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ እያዞሩ ያፍስሱበት። ከ35 ዲግሪ በላይ አይሙቅ። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቪኒል ግን ከዚያ ብዙ ሳይደርስ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይጣመማል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ገጽ በዲስቲልድ ውሃ፣ 30 ሚሊ ያህል፣ ከላይ ወደ ታች ይርጩት።

ሸክላውን አዘንብለው ይዩት። ውሃው ተዘርግቶ ከወረደ ጥሩ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ተሰብስቦ ተንከባሎ ከቆመ እዚያ ቅባት ቀርቷልና ያን ገጽ ይድገሙት።

አራተኛ፣ ማድረቅ። በማይክሮፋይበር ጫን እያደረጉ ውሃውን ያስመጥጡ፣ አይሹ። ከዚያ ሳህን መደርደሪያው ላይ ያቁሙት፤ ሸክላዎቹ እርስ በርስ አይነካኩ። በበጋ 2 ወይም 3 ሰዓት ይበቃል፤ በክረምት ሌሊቱን ይደር። ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም፦ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይስባል፣ የጎንደር ቀትር ፀሐይ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ያጎብጠዋል። ጸጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ።

ሳይደርቅ ማጫወት አይቻልም። መርፌው እርጥቡን ቆሻሻ እንደ ጭቃ ያርሰውና ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል።

አጥቤው ይባስ ተንጣጣ። ምን አጠፋሁ?

መጀመሪያ መርፌውን ይዩ። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሳሙና ወይም ማዕድን ቀርቷል፤ ያለ ማጽጃ በዲስቲልድ ውሃ ብቻ ደግመው ያለቅልቁ። ግራጫ ወይም ጥቁር ክር ካለ ቆሻሻው ተነሥቶ አልወጣም ማለት ነው፤ በጣም የቆሸሸ ሸክላ ሁለት ጊዜ መታጠብ ይፈልጋል፣ በሁለተኛውም አዲስ ፈሳሽና ንጹሕ ብሩሽ። ጸጉር ወይም የጨርቅ ብናኝ ካለ ጨርቁን ይቀይሩ።

መርፌው ንጹሕ ሆኖ እየተንጣጣ ከሆነ ሸክላውን ክንድዎ አጠገብ ያስጠጉት። ጸጉርዎ ከቆመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ አየር ይብሳል። በትንሹ በዲስቲልድ ውሃ በረጠበ ማይክሮፋይበር አንድ ዙር ማስኬድ ይበቃዋል። በጋቢ ወይም በሱፍ አይጥረጉ።

ሻጋታ የያዘውንስ?

ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካዩ ሸክላውን ከሌሎቹ ለዩ። የመጀመሪያውን ደረቅ ብሩሽ ከቤት ውጭ፣ አፍንጫና አፍዎን በማስክ ሸፍነው፣ ከነፋሱ በላይ ቆመው ያድርጉ። ከዚያ ቪኒል ከሆነ ከላይ ባለው ማጽጃ 5 ደቂቃ አርጥበው ያጥቡ፤ እየደረቀ ከሆነ ይጨምሩ። ብሩሹን በኋላ በአልኮል ይንከሩት።

ሻጋታው የሚኖረው በብዛት ወረቀቱና ሙጫው ላይ ነው። የታጠበን ሸክላ ወደ ሻገተው ሽፋን መመለስ ሥራውን ዜሮ ያደርገዋል። ሽፋኑ ፎቶ ያለበትና ሊጣል የማይችል ከሆነ ጥላ ያለበት ነፋሻማ ቦታ በደንብ አድርቀው፣ ጠርገው፣ ለብቻው ያስቀምጡት።

አንዳንዱ ሻጋታ ቪኒሉን በልቶ ዱካ ይተዋል። እድፉ ቢቀርም ድምፁ ሊጠራ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሻማ ተንጠባጠበበት።

በረዶ በላስቲክ ጠቅልለው ሰሙ ላይ 2 ደቂቃ ያሳርፉ። ሲጠነክር ጥፍርዎን ወይም የሞባይል ካርድ ጠርዝ የቦዩን አቅጣጫ ይዘው ቀስ አድርገው ያንሱት። ቢላ፣ ካውያና ቤንዚን የለም። ቦዩ ውስጥ የቀረ ሰም ካለ የሚቀጥለው ጥያቄ ያግዛል።

የእንጨት ኮላ ቀብቶ መላጥ እውነት ይሠራል?

ይሠራል፤ ለቪኒል ብቻ፣ በአጠባ ለማይወጣ ግትር ቆሻሻ ብቻ። ኮላው ነጩ፣ በውሃ የሚታጠበው፣ ሲደርቅ ጥርት የሚል ይሁን። ማስቲሽ ወይም ውሃ የማይገባው ዓይነት ከሆነ ሸክላውን ይሰናበቱት።

መጀመሪያ በመደበኛው መንገድ አጥበው ያድርቁ። ለትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ 60 ሚሊ፣ ለባለ 45 ደግሞ 15 ሚሊ ያህል ኮላ ከወረቀቱ ውጭ አፍስሰው፣ በካርቶን ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው እኩል ይዘርጉት። ሲሳሱ ነው የሚበላሸው፦ የሳሳ ኮላ ሲላጥ ይበጣጠሳል። ጠርዙን አልፎ አይፍሰስ፣ ወደ ወረቀቱም አይጠጋ። አንድ ቦታ ላይ ለመያዣ የሚሆን ወረቀት ጫፉን ኮላው ውስጥ ይቅበሩ።

ሙሉ በሙሉ ጥርት እስኪል 24 ሰዓት፣ በክረምት እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ። ነጭ ነጥብ ከታየ አልደረቀም። ከዚያ ወረቀቷን ይዘው በዝግታ፣ ዙሪያውን ይላጡ። የተቆረጠ ቁራጭ ከቀረ አይቧጥጡት፤ ላዩ ላይ አዲስ ኮላ ጨምረው ሲደርቅ አብሮ ይላጣል። ሲላጥ ስታቲክ ይፈጠራልና አቧራ ባለበት ክፍል አይሥሩት።

እኛ ለየቀኑ አንመክረውም፤ ለአንድ ሸክላ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ባለ 78 ሸክላን እንዴት ላጽዳ?

አልኮል የሌለበት ፈሳሽ፦ 1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ በ10 ጠብታ ላርጎ። በረጠበ ለስላሳ ስፖንጅ ጥቂት ዙር፣ ወዲያው ማለቅለቅ፣ ወዲያው ማድረቅ፤ ጠቅላላው ከ1 ደቂቃ አይለፍ። ሼላኩ ውስጥ የተደባለቀው ዱቄት ውሃ ይመጣል፣ ከቆየም ገጹ ይሻክራል። ስንጥቅ ያለበትን ጨርሶ አያርጥቡ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የወጡት በዚህ ዓይነት ሸክላ ነው። ያን ያህል ያረጀ ነገር እጅዎ ከገባ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይወሰኑ፣ በሁለት ካርቶን መሃል ያስቀምጡና ወደ ዲጂታል ሊገለብጥልዎ የሚችል ባለሙያ ይፈልጉ።

ባለ 78 ሸክላ የራሱ ሰፊ መርፌ አለው፤ የቪኒል መርፌ ከቦዩ ሥር ቆሻሻው ውስጥ ገብቶ ይንፏቀቃል። በተቃራኒው የድሮው ግራማፎን የብረት መርፌ ቪኒልን በአንድ ጨዋታ ያርሰዋል።

ኦሞ፣ በረኪና፣ አሴቶን፣ ቤንዚን፣ ሎሚ?

ኦሞ ሳይሟሟ የሚቀር ቅንጣት አለው፣ ይጭራል። አሴቶን ቪኒልን ያቀልጠዋል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ያው ነው። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ገጹን ያበላሻሉ፣ ቅባትም ይተዋሉ። በረኪናና ሎሚ ቅባት አይፈቱም። አሮጌ ሸክላ እንዲያብለጨልጭ ዘይት የሚቀቡ ሻጮችም አሉ፤ ሲገዙ ጣትዎን ጠርዙ ላይ አሳርፈው ያረጋግጡ።

መርፌውስ?

ንጹሕ ሸክላ በቆሸሸ መርፌ መልሶ ይቆሽሻል። ትንሽ ለስላሳ ብሩሽ በአልኮል ጫፉን ብቻ አርጥበው ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከክንዱ ወደ እርስዎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡ። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከገፉ መርፌው ይሰበራል። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል።

መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ስሙኒ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። መዝለሉን ያቆማል፣ ቦዩንም ይበላል። የዘመኑ መርፌ አብዛኛው ከ1.5 እስከ 2 ግራም ገደማ ክብደት ነው የሚፈልገው። የሚዘለው ብዙውን ጊዜ በቆሻሻ ወይም ማጫወቻው ጠፍጣፋ ስላልተቀመጠ ነው፤ መጀመሪያ እነሱን ያስተካክሉ።

በየስንት ጊዜው ልጠብ?

በደንብ ከታጠበና በንጹሕ ከረጢት ከተቀመጠ ለዓመታት አይፈልግም። ከማጫወት በፊት በደረቅ ብሩሽ ሁለት ዙር ይበቃል።

ከታጠበ በኋላ የት ላስቀምጠው?

አቁመው፤ ደራርበው አያስተኙት። ቆጥ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ቀን ሙቀቱ ያጣምመዋል። በጭቃ ቤት ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ያድርጉት፣ መሬት ላይም አያስቀምጡት፤ የክረምቱ እርጥበት የሚመጣው ከእነዚያ ነው። ለክረምት ብሎ በፌስታል አጥብቆ ማሰር እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋዋል፣ ሻጋታም ያበቅላል።

ብዙ ባለ 45 ሸክላዎች ሽፋናቸው ጠፍቶ በጋዜጣ ተጠቅልለው ይገኛሉ። የጋዜጣ ቀለም ይለቃል፣ ወረቀቱም ሻካራ ነው። ስስ የሸክላ ከረጢት ካላገኙ አንድ ኤ3 ነጭ ወረቀት መሃሉን አጥፈው ሁለቱን ጎን ከውጭ በኩል በፕላስተር ያሽጉ፤ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነው ሸክላ በደንብ ይገባበታል። ጠንካራውና ወፍራሙ ጥርት ያለ ላስቲክ ሸክላው ላይ ስለሚጣበቅ አይጠቀሙበት። የዘፈኑን ስምና የታጠበበትን ቀን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፣ ሸክላው ከመግባቱ በፊት፤ ከገባ በኋላ ሲጽፉ የእርሳሱ ጫና እስከ ቦዩ ይደርሳል።